ሰማያዊ በርሜል ለመጠጥ ውሃ ልትገዙ ላሰባችሁ የጎንደር ሰዎች

ውሃ በፈረቃ ለምንጠብቅ ሁሉ፦ «ያለ መድኃኒት ዓመት ያቆያል» እየተባለ የሚሸጠውን ያገለገለ ሰማያዊ በርሜል ለመጠጥ ብላችሁ አትግዙ። እኔ ገዝቼ ተቃጥያለሁ።

ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው። ባለ 200 ሊትር፣ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ። ሻጩ «የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፣ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ መድኃኒት እንኳ አያስፈልገውም፤ እናቴ ትሙት» ብሎ ማለልኝ። 3,500 ብር ከፈልኩ፤ ደረሰኝ የለም። ቤት ሳደርሰው ጎኑ ላይ ተፍቆ የተነሳ ወረቀት ሙጫ አየሁ፤ ያኔም አልነቃሁም። ሞልቼ ከደንኩት። በአራተኛው ቀን እናቴ ቡና አፍልታ አቦሉን ፉት እንዳለች ስኒውን መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄ ውሃ ሳሙና ሳሙና ይላል» አለችኝ። ውሃውን ደፍቼ ባዶውን በርሜል እንደተከደነ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ማታ ስከፍተው ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሻጩ ጋ ብመለስ «አይቼህም አላውቅ» አለኝ።

አፍልተን እንጠጣዋለን እንዳትሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከፕላስቲኩ የወጣውን ኬሚካል ሁሉ አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን የማይተነው ክፍል ጭራሽ ይበረታል። ፕላስቲክ የያዘውን ይመጥጣል፤ ብታጥቡትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከበርሜሉ ታች ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው 2 ቁጥርም የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ምን ተጭኖበት እንደነበር አይነግራችሁም። ለእኔ እንደ ማስረጃ የታየኝ ግን ያው ቁጥር ነበር።

ያለ መድኃኒት ውሃ ማቆየትማ ይቻላል። ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ጀሪካን፣ አፉ ጠባብ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ከሆነ ይበቃል። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በተከደነበት ቀዝቅዞ፣ በደንብ ወደታጠበ ጀሪካን ይገልበጥ። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ያወጣልና ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ኩባያ አትንከሩበት፤ አዘንብላችሁ ቅዱ። ውሃውንም በየ6 ወሩ ቀይሩት።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው ሳልፍ ሌሎች ሰባት በርሜሎች ታጥበው ተደርድረዋል። አንዲት እናት ክዳኑን እየነካኩ ዋጋ ይጠይቁ ነበር፤ ጠጋ ብዬ የእኔን ነገርኳቸውና ሳይገዙ ሄዱ።