ባሕር ዳር ለምትሄዱ፦ ጣና ላይ የማይሸውድ ካፒቴን ልጠቁማችሁ

ጥምቀትን ባሕር ዳር አክብረን ከተመለስን ቆየን። ምስጋናው ግን ዕዳ ሆኖብኛልና ዛሬ ልጻፈው። ማመስገን የምፈልገው ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ አንድ ሰው ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ «አደባባይ አታውጪኝ፣ ከልቡ የሚፈልግ ካለ ግን ስጪው» ብሎኛል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። እዚህ ካፒቴኑ ልበለው። እዚያ ጀልባ የሚነዳ ሁሉ ካፒቴን ነው የሚባለው።

እኛ እንግዲህ ለደላላ የተመቸን ቡድን ነበርን። ወንድሜ ከአሜሪካ መጥቷል። ባለቤቱ ፈረንጅ ናት። ልጆቹ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ። እናቴ ደግሞ ላገኘችው ሁሉ፣ ለባጃጅ ሹፌሩም ለቆሎ ሻጯም፣ «ልጄ ከስንት ዓመቱ ከአሜሪካ መጥቶልኝ» እያለች ታወራለች። ከዚህ ወዲያ እስቲ ዋጋ ተከራከሩ!

ሐይቁ ዳር ገና ከባጃጅ ሳንወርድ ነው የከበቡን። እንግዳ እንደ ድሮው ስላልሆነ የመጣውን ይሻሙበታል፤ እንጀራ ነው፣ በዚያ አልፈርድም። አንደኛው ቀልጠፍ ያለ ልጅ «ገዳማቱን፣ ጉማሬውን፣ የአባይን መውጫ፣ ሁሉንም በዚህ ዋጋ» አለን። ዋጋው ርካሽ ነው፣ እንዲያውም ከጠበቅነው በታች። ወንድሜ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ጎናችን ካለው ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ እየጨለፈ የሚደፋ ሰውዬ ቀና አለና «ወንድሜ፣ የነገረህ ለሰው ነው ለጀልባው?» አለው። ደላላው «አንተ ሥራህን ሥራ!» ብሎ ጮኸበት። መልሱን ከጩኸቱ አገኘነው። ለሰው ነበር። ለዚያውም መሄጃው ብቻ።

ካፒቴኑ ኑ አላለንም፣ ውሃውን መጨለፉን ቀጠለ። እኛ ነን ሄደን የጠየቅነው። ከቆርቆሮ ቢራ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀደደና በእስክሪብቶ ጻፈልን። ጀልባው ይህን ያህል፣ ለሰው ሳይሆን ለጀልባው፣ ደርሶ መልስ፣ መቆያውንም ጨምሮ። የገዳማቱ መግቢያ በዚህ ውስጥ የለም፤ እዚያው ለገዳሙ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የቪዲዮ ካሜራ ካላችሁ ለሱም ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ለብቻው ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ለቤንዚን ትንሽ ቀብድ ስጡኝ፣ ቀሪውን ስንመለስ። ካርቶኑን ለእናቴ ሰጣት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ማታ ስንመለስ አውጥታ አስተያየችው፣ አንድ ብር አልተለወጠም። የብሩን መጠን የማልጽፈው ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ነው፤ የዛሬ ዋጋ ጽፌላችሁ ነገ ከካፒቴን ጋር እንዳላጣላችሁ።

«ምን አለበት፣ ይህ እኮ ተራ ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። ገዳማት ያሉበት ዘጌ ላይ ከአዳማ የመጡ ጥንዶች አግኝተን ነበር። በሌላ ጀልባ ነው የመጡት። ርካሽ ተብለው ተነስተው፣ ዘጌ ሲደርሱ «መቆያው በሰዓት ይከፈላል» ተባሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ቤንዚኑን ከጥቁር ገበያ ነው የገዛሁት፣ ጨምሩ» መጣ። ምን ያድርጉ? ጀልባው የሰውየው፣ ሐይቁ የእግዜር፣ እነሱ መሀል ላይ። ከፈሉ። ዋናው ብልሃት እሱ ነው፦ ዋጋው የሚለወጠው መሬት ላይ ሳላችሁ ሳይሆን መመለሻ ስታጡ ነው።

ሌላው ስለ ደሴቶቹ ነው። ደላላው ክብራን ገብርኤልንም ሸጦልን ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም! የእነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አስከሬን ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ ይሄድና ሴቶቹ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይመታቸዋል። ካፒቴኑ እናቴን አየት አድርጎ «እማማ፣ ክብራን ቢወስዱዎት ወደብ ላይ ነው የሚቀሩት። አጠገቡ እንጦስ እየሱስ አለ፣ እዚያ ይሳለማሉ» አላት። ለእሱ እኮ አንድ ደሴት ቢጨምር ገንዘብ ነው። እናቴ በዚያች ደቂቃ ልጅ አደረገችው። ራቅ ብሎ መሄድ ለሚፈልግ ደግሞ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፣ ሴትም ወንድም ይገባል፤ ግን ሩቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መያዝ ነው።

የመነሻ ሰዓትም ነገር አለው። ሰዓት ስንነጋገር ለነገ ጠዋት 1 ሰዓት ቀጠረን። ደላላው «ከሰዓት ኑ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ» ሲለን ነበር። ከሰዓት ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል፣ አዛውንት ይዞ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ቅናሹ ለዚህ ነው። በማግስቱ ሁላችንንም ላይፍ ጃኬት አስለበሰን። እናቴ «ነጠላዬን ያበላሽብኛል» ብላ እምቢ አለች። አልተከራከራትም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስቶ ያዘላት፣ ጃኬቱን አልብሶ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረገ፣ ከዚያ ነጠላውን ከላይ መልሶ አለበሳት። እንደዚያ ሆና የተነሳችው ፎቶ አሁን የወንድሜ ስልክ ላይ ፊት ለፊት ነው።

ጉማሬ? ወንድሜ ለልጆቹ ሲል «ጉማሬ እናያለን አይደል?» አለው። «ጉማሬውን ደመወዝ አልከፍለውም፣ ከወጣ ይወጣል» አለ። የአባይ መውጫ አካባቢ አዘገመልን፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀልን፣ ሁለት ጆሮ አየን ብለን ተስማምተናል። «ጉማሬ የግድ» ብሎ ተጨማሪ የሚያስከፍል ካጋጠማችሁ ሳቁበት። ልጆቹ እንዋኝ ሲሉም ፊቱን አጠቆረ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ደንገሉ አጠገብ ውሃ ውስጥ አትግቡ።

የዘጌው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የግድግዳ ሥዕሎቹን አልተርክም፣ ሄዳችሁ እዩ። ከወደቡ በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ ስትወጡ ግራና ቀኝ ዕቃ ይሸጣል፤ ትንንሽ ታንኳ፣ መስቀል፣ ብራና ላይ የተሣለ ሥዕል። ግዙ፣ ሰዎቹ ለፍተው የሠሩት ነው። ነገር ግን አንዱ ወንድሜን ገለል አድርጎ «ይህ የሦስት መቶ ዓመት ነው፣ ለሌላ አላሳየሁም» አለው። ካፒቴኑ እናቴን ደግፎ አብሮን ወጥቶ ነበርና በጆሮው «አዲስ ከሆነ ተሸውደሃል፣ አሮጌ ከሆነ ወንጀል ነው» አለው። ከዚህ አጥሮ ሊነገር አይችልም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ያስጠይቃል፣ ኤርፖርት ላይ ይያዛል፤ አሮጌ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሻይና ጭስ ያረጀው ነው። ወንድሜ አዲሱን በአዲስ ዋጋ ገዛ፣ ሻጩም አልተቀየመም።

አንድ ነገር ግን ከማጭበርበር አትቁጠሩት። ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ የመግቢያ ዋጋ በብዙ ቦታ ይለያያል፣ የወንድሜ ባለቤትም የበለጠ ከፍላለች። ደረሰኝ እስካለው ድረስ ያ ሥርዓት ነው። እሷን ያስለቀሳት ሌላ ነው፤ ሐይቁ ዳር ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መዝገበ ቃላት ግዢልኝ አላት። ብር አልፈልግም፣ መጽሐፍ ነው የምፈልገው። አንጀት ይበላል። ሱቁን ራሱ ነው የሚመርጠው፤ እናንተ ዞር ስትሉ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፣ ብሩን ይካፈላሉ። «መርዳት ከፈለገች ትምህርት ቤት ሄዳ ለርዕሰ መምህሩ ትስጥ» አለ ካፒቴኑ፤ ልጁን ግን አልሰደበውም፣ በስሙ ጠርቶ ወደ ቤቱ ላከው።

ጢስ ዓባይን በተመለከተ ከእሱ ሥራ ጋር አይገናኝም፣ በመኪና ነው የሚኬደው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኛ ግን ጠየቅነው። «አሁን በጋ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለውን ውሃ የሸጠላችሁ ካለ የክረምቱን ነው የሸጠላችሁ» አለን። እውነቱን ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል፤ በጋ ላይ ፏፏቴው ቀጭን ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሞልቶ ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ይሂድ። ከሄዳችሁ ትኬቱን ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ካለው ቢሮ ቁረጡ፣ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው አትክፈሉ።

ስልክ ላይ ስለሚደረገው ደግሞ ባጭሩ። ለጥር 11 ሆቴል ስለሚሞላ በቴሌግራም አልጋ የሚያከራዩ ይበዛሉ። የወንድሜ ጓደኛ ሙሉውን በቴሌብር ልኮ፣ ሲደርስ ስልኩ ዝግ፣ ቤቱም የለም። ሆቴሉን በራሱ ስልክ ሳታገኙ ብር አትላኩ። «በስህተት ገብቶልሃል፣ መልስልኝ» የሚል ሰው ሲደውልም ከመመለሳችሁ በፊት ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ ከግለሰብ ቁጥር አይመጣም። ይህንንም የነገረን ካፒቴኑ ነው፤ እሱ ራሱ ተበልቷል። ቡድን ጭኖ ውሎ፣ «ልከንልሃል» ብለው የውሸት መልእክት አሳይተውት ሄዱ። እንግዳውም እኮ ይሸውዳል፣ ያን ማንም አይጽፍም።

እንከኑንም ልናገር። ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ሲነሳ ጆሮ ይበጥሳል። ወሬኛ አይደለም፤ ታሪክ እየተረከ የሚያስጎበኝ የሚፈልግ ለብቻው አስጎብኚ ይያዝ። ዓሣ የት እንብላ ብንለው እንኳ «ሰው የሚበዛበት ግቡ፣ ዋጋውን ሳታዩ አትዘዙ» ብሎ አለፈን፤ ኮሚሽን የሚያገኝበት ቤት የለውም መሰለኝ። ባጃጅ ግን ራሱ ጠራልን፣ ኮንትራቱን ተነጋግሮ ጨርሶ ነው ያሳፈረን።

ቁጥሩን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ቀን ላይ ሐይቅ ላይ ስለሚሆን አያነሳም፣ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ደውሉለት። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ አዛውንትና ሕፃን ካለ፣ ሴቶች ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በዚያ ነው ደሴቱን የሚመርጥላችሁ። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ አይነሳም፣ ጨምረን እንክፈልህ ብላችሁም አትድከሙ።