ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላሸከሙኝ የላይብረሪ ሠራተኛ

የዚህ ሳምንት ውሰት ከቦርሳዬ አልፎ በክንዴ ሆኗል። ሦስት የንብ መጻሕፍት፣ አንድ ስለ ደመና፣ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ በትልልቅ ፊደል፣ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ፣ ቀጭን የግጥም መድበል። በላዩ ላይ ደግሞ "ይቺንም ያዢያት፤ ካልጣመችሽ ትመልሻታለሽ" ተብላ የተጨመረች የጉዞ ማስታወሻ አለች። ምርጫው ሁሉ የኔ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን አብዛኛውን ያገናኙኝ የምዋስበት ላይብረሪ ሠራተኛ ናቸው። ይህ ጽሁፍ ለእሳቸው ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ ነው።

ስማቸውን አልጠራም። ሳላስፈቅድ የሰው ስም አደባባይ ማውጣት አልወድም፤ እሳቸውም የሚወዱት አይመስለኝም። አንዴ የተስተናገደባቸው ሰው ግን ገና ሁለት መስመር እንዳነበበ ያውቃቸዋል።

"የንብ መጽሐፍ አለ?" ስላቸው፣ "አለ፣ እዚያ ጋ ፈልጊ" ብለው ጣታቸውን ቢቀስሩ ማንም አይፈርድባቸውም። ብዙ ቦታ የለመድነውም እሱኑ ነው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ "ምን ልታደርጊበት ነው?" አሉኝ። ልታነቢ ነው ወይስ ንብ ልታነቢ? ልጅ ጠይቆሽ ነው? ወይስ እንዲያው ማወቅ አምሮሽ? እኔ ደግሞ መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፣ ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ነበር።

የምር ያመጣል። ብዙ ላይብረሪዎች መጻሕፍታቸውን የሚደረድሩት አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው የአስርዮሽ አመዳደብ ነው። ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ያከፋፍለዋል። በዚህ አደራደር ንብ ሁለት ቤት አላት። ተፈጥሮዋን ለማወቅ የፈለገ 595.799 ጋ ይሄዳል። ቀፎ ሰቅሎ ሊያነባት የፈለገ ደግሞ 638.1 ጋ፣ ከግብርናው ወገን ያገኛታል። በሁለቱ መሃል ሕክምናውም ኢንጂነሪንጉም ተገትሯል። አንዱን ያገኘ ሰው ሌላው መኖሩን እንኳ ሳይጠረጥር ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

የቁጥሩንም አነባበብ አሳዩኝ። 595.799 የሚቆመው ከ595.8 በፊት ነው። ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ከስምንት ይበልጣል ብሎ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰው ሲፈልግ ይውላል። ከነጥቡ በኋላ አሃዝ ከአሃዝ ነው የሚወዳደረው፤ 7 ከ8 ይቀድማል፣ በቃ። ይቺን ነገር ለተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩት ስንት "መጽሐፉ የለም" የሚል ወሬ በቀረ!

የኔ መልስ "ሁለቱም" ነበር። እኔ ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ንብ ማነብ ሊጀምር አስቧል። እሳቸውም ከሁለቱም ቤት አመጡልኝ።

የተፈጥሮው መጽሐፍ እንቅልፌን ነሳኝ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ የንብን ጭፈራ እንዴት እንደፈታው ይተርካል። አበባ አግኝታ የተመለሰችው ንብ የማር እንጀራው ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራች ትወዛወዛለች። ቀጥ ብላ የምትሄድበት መስመር ወደ ላይ ከሚያመለክተው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ታይቶ፣ አበባው ከፀሐይ አንጻር በየት በኩል እንዳለ ይታወቃል። ውዝዋዜው ረዘም ካለ ቦታው ሩቅ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1973 ለኖቤል ሽልማት ከበቁት ሦስት የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። ንቦቹ ይህን ሁሉ በጨለማ ቀፎ ውስጥ እንደሚያደርጉት ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ለራሴ ሳቅኩ።

ለወንድሜ ያወጡለት ሁለት ናቸው። አንዱ አሮጌ፣ በእጅ የተሳሉ ሥዕሎቹ ዓይን የሚይዙ። ሌላው አዲስ፣ ፎቶው ብዙ፣ ቋንቋው ደረቅ። እኔ ወደ አሮጌው ሳዘነብል አይተው ነው መሰለኝ፣ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሁፍ ገልጠው በጣታቸው አሳዩኝ። "መቼ እንደተዘጋጀ እዪ። እንደገና ታተመ ማለት ተሻሻለ ማለት አይደለም። አሮጌውን አንብቢው፤ አዲሱን ሥሩበት።"

ቤት ገብቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ስዘረጋ ገባኝ። አዲሱ ቫሮዋ ስለሚባል ተባይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። አሮጌው መጨረሻ ላይ ባለው የቃላት ማውጫ ውስጥ ስሙ እንኳ የለም። ይህ ተባይ መጀመሪያ ኑሮው ከእስያ ንብ ጋር ነበር፤ ኋላ ነው ሰዎች በብዛት ወደሚያረቡት የማር ንብ የተሻገረው። አሜሪካ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በፊት እዚያ የተጻፈ የንብ መጽሐፍ ስለሱ ምን ሊል ይችላል? ወንድሜ በአሮጌው ብቻ ቢጀምር ኖሮ ስለ ዋናው ጠላት ምንም ሳያውቅ ቀፎ ይከፍት ነበር። እኚህ ሴት ንብ አንቢ አይደሉም። ግን የሙያ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ ያውቃሉ።

ትልልቁ ፊደል ለእናቴ ነው። እሷን ብዬ አልሄድኩም ነበር። በወሬ መሃል "እናቴ እኮ ድሮ አንባቢ ነበረች፤ አሁን መጽሐፍ ሰለቸኝ ትላለች" አልኩ። "ሰለቻት ወይስ ዓይኗ ደከመ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የተለመደው መጽሐፍ ከ10 እስከ 12 ነጥብ በሚሆን ፊደል ይታተማል፤ ለደከመ ዓይን የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ከ16 ይጀምራል። ለብቻው መደርደሪያ እንዳለው ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። እናቴ አሁን "መብራቱን አጥፊ" ስትባል ምዕራፍ ልጨርስ የምትል ሰው ሆናለች። ስለዚህኛው ብቻ እንኳ እጅ ብነሳ አይበዛም።

ስለ ጉዞ ማስታወሻዋም ልናገር። የኋላ ሽፋኗ ውስጥ የተለጠፈችው የመመለሻ ቀን መምቻ ወረቀት ባዶ ነበረች ማለት ይቻላል። ማንም አይወስዳትም። "ጥሩ መጽሐፍ ናት፤ ሽፋኗ ነው የገደላት" አሉ። ህንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ለቤተ መጻሕፍት ካወጣቸው አምስት ሕጎች አንዱ እያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢ አለው ይላል። እኚህ ሴት ያን ሕግ በተግባር እያዋሉ፣ ፈላጊ አጥተው ለቀሩ መጻሕፍት ዘመድ ይፈልጋሉ። እስካሁን እኩሌታ ደርሻለሁ። ጸሐፊው ስለ ጫማው ብዙ ያወራል። ሰው ሲገልጽ ግን አይታማም፤ አንድ የጀልባ ቀዛፊ አለው፣ ከአሁን አሁን ተመልሶ መጣ እያልኩ ነው የማነበው።

የሥዕል መጽሐፉን የእህቴ ልጅ አልመልስም ብላለች። ግጥሙ አልሆነኝም። እሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሠራተኛዋ የሉበትም።

የደመናው መጽሐፍ ላይ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከመመዝገባቸው በፊት ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ፈር ፈር አደረጓቸውና መሃል ላይ ቆሙ። አንዱ ገጽ ከጥጉ ተቀድዷል። ከሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ፣ ያውም በስሱ፣ የገጹን ቁጥርና "ቀድሞ የተቀደደ" ብለው ጻፉ። "ነገ ሲመለስ አንቺ ላይ እንዳይሆን።" እኔም ደግነት ብጤ አማረኝና ቤት ወስጄ በፕላስተር ልለጥፈው አልኩ። ኧረ ምን በወጣሽ! አጣባቂ ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲላቀቅ ደግሞ ጽሁፉን ይዞ ይመጣል። ለጥገና የሚሆነው ስስ የጃፓን ወረቀትና የስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ነው። "ቀዳዳውን ንገሩን እንጂ አትጠግኑልን" ነው ያሉት። ቤታችሁ የምትወዱት መጽሐፍ ካለ ለእሱም ይሠራል።

መጽሐፉ ራሱ ደስ ይላል። ዛሬም የምንጠራቸውን ሲረስ፣ ኩሙለስና ስትራተስ የሚሉ ስሞች እንግሊዛዊው የመድኃኒት ሰው ሉክ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1802 ነው ያቀረባቸው። የአየር ጠባይ ጥናት እንጀራው አልነበረም፤ ቀና ብሎ ማየት የሚወድ ሰው ነበር። ካነበብኩት ወዲህ መንገድ ላይ አንጋጥጬ ስሄድ ሰው እየገፋሁ ነው። ላራዝመው ፈልጌ ነበር፤ ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰው አለ ተባልኩ። ማን እንደሆነ ብጠይቅ ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ማን ምን እንደሚያነብ ለማንም አይናገሩም። ይህም ያስመሰግናቸዋል።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው አልልም። የካታሎጉ ኮምፒውተር ቀርፋፋ ነው፤ ፍለጋው አንድ ፊደል ከተሳሳተ ምንም የለም ይላል። እሳቸው ለአንዱ ሰው ሲጨነቁ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። የቸኮለ ሰው ያጉረመርማል፤ እኔም አጉረምርሜ አውቃለሁ።

ስለዚህ ላይብረሪ የምትሄዱ ሁሉ፣ የትም ሁኑ የት፣ ከማያ ገጹ በፊት ጠረጴዛው ጋ ያለውን ሰው አናግሩ። ርዕስ ብቻ አትጥሩ፤ ምን ልታደርጉበት እንደሆነ ተናገሩ። አንብባችሁ ያቋረጣችሁትንና ለምን እንዳቋረጣችሁት ንገሯቸው፤ ከወደዳችሁት ይልቅ እሱ ይጠቁማቸዋል። የምትፈልጉት ከሌለ ከሌላ ላይብረሪ በውሰት ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህ አገልግሎት ኖሮም ብዙ ሰው አያውቀውም። ማራዘም የምትፈልጉ ቀኑ ሳያልፍ ተናገሩ። እርዳታው ከጠቀማችሁ ደግሞ ለኃላፊያቸው በጽሁፍ አሳውቁ። ቅሬታ ሲሆን ብዕር የማይጠፋን ሰዎች ነን እኮ።

እኔ የምስጋናዬን ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ለእሳቸው፦ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የደመናውን መጽሐፍ የምትጠብቁት ሰው ደግሞ ይህን ካነበባችሁ፣ ሐሙስ እመልሰዋለሁ። ገጹን የቀደድኩት እኔ አይደለሁም፤ ከሽፋኑ ውስጥ ተጽፏል፣ እዩት።