ባለ አንድ በተን ወይስ ባለ ሁለት በተን? ውሃ ቆጣቢ ሽንት ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

ሽንት ቤት መቀመጫ ልንገዛ ስንሄድ አብዛኞቻችን መጀመሪያ ምናየው ቅርፁን ነው፣ ከዛ ሻጩ "ይሄ ውሃ ቆጣቢ ነው" ሲለን ካርቶኑ ላይ ያለችውን የሊትር ቁጥር አይተን ትንሿን ይዘን እንወጣለን። እኔም እንደዛ ነው የገዛሁት። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ግን ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና ሁለት ነገር አጣሩ ነው ምለው፣ ባንዴ ጠርጎ ይወስዳል ወይ፣ ሲቆይስ ያፈሳል ወይ። ሁለቴ ሚለቀቅ ከሆነ ምኑን ቆጠበው።

እስቲ በሂሳብ እንየው። 5 ሰው ያለበት ቤት ውሰዱ፣ እያንዳንዱ በቀን 5 ጊዜ ይጠቀማል፣ 4ቱ ለሽንት 1ዱ ለሰገራ፣ በቀን 25 ጊዜ ውሃ ይለቀቃል ማለት ነው። ባንዴ 13 ሊትር ሚለቀው የድሮው አይነት 325 ሊትር ይጨርሳል። ባለ አንድ በተን 4.8 ሊትሩ 120። ባለ ሁለት በተኑ፣ ለሰገራ ሚጫኑት ትልቁ 6 ለሽንት ሚጫኑት ትንሹ 3 ሊትር የሆነው፣ 90። ትልቁ 4.5 ትንሹ 3 የሆነው ደሞ 82.5። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ በሁለቱ ባለ ሁለት በተኖች መሀል ያለው ልዩነት በቀን 7.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ብዙው ቁጠባ ሚመጣው ከትንሹ በተን ነው። እንደውም ባለ 4.5ቱ ለሰገራ ሁሌ ሁለቴ ሚጫኑት ከሆነ 105 ይገባና ከባለ 6ቱ ይብሳል።

ባለ ሁለት በተን ግን ሚቆጥበው ቤተሰቡ በትክክል ከተጫነው ነው። ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ጣቷ ደከም ያለ እናት አለች፣ ሁለቱ በተኖች ደሞ ብዙ ጊዜ አንድ ክብ ላይ የተከፈሉ ናቸውና በመዳፍ ሲጫኑት ሁለቱም አብረው ይገባሉ። ሁሉም ሰው ሁሌ ትልቁን ቢጫን ባለ 6ቱ በቀን 150 ሊትር ይወስዳል፣ ከባለ አንድ በተን 4.8ቱ በ30 ሊትር በለጠ ማለት ነው። ስለዚ ሰው ሚበዛበት ቤት ከሆነ እኔ ባለ አንዱን እመርጣለሁ፣ አዋቂዎች ብቻ ከሆናችሁና ትንሹን በተን ምትለምዱት ከሆነ ባለ ሁለቱን።

አሁን ወደ ማፍሰሱ። ባለ ሁለት በተኑ ታንኩ መሀል ቆሞ ሚነሳና ሚወርድ ቫልቭ አለው፣ ከስሩ ስስ የጎማ ቀለበት (ጎሚኒ) ተገጥሞለታል። እኔ ቤት ሌሊት ማንም ሳይነካው ታንኩ ትንሽ ውሃ ስቦ ዝም ይላል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደሞ ይስባል። ቀይ የምግብ ቀለም ታንኩ ውስጥ ጠብ አድርጌ ምንም ሳልለቅ 15 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዛ ሳየው ከመቀመጫው የኋላ ግድግዳ ላይ ቀጭን ሮዝ መስመር ወደታች ወርዷል። ቫልቩን ሳወጣው ጎሚኒው ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ተጣብቃለች፣ በቃ እሷ ናት። በሰዓት አንድ ሊትር ብቻ ቢያፈስ በቀን 24 ሊትር ነው፣ በሁለት በተን ያተረፋችሁትን 30 ሊትር ሊጨርሰው ምን ቀረው። የባለ አንዱ ተንጠልጣይ ጎማም ያረጃል ያፈሳል፣ ግን አሰራሩ ቀላል ስለሆነ ማንም በእጁ ይቀይረዋል። ባለ ሁለት በተን ስትገዙ ጎሚኒው ለብቻው ይሸጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሙሉ ቫልቭ ግዙ ካሏችሁ ሌላ እዩ።

ባንዴ መጥረጉን በተመለከተ ዋናው ነገር የውስጥ መንገዱ ነው። አንደኛው አይነት ውሃው ወርዶ በግፊት ሚገፋው ነው፣ መንገዱ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ቶሎ አይዘጋም፣ ውሃ ሲጠፋ በባልዲም በደንብ ይሄዳል፣ ግን ከውስጥ ሚቆመው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ይቆሽሻል፣ ብሩሽ ይፈልጋል። ሁለተኛው በሲፎን ሚስበው ነው፣ ማለትም ውሃው ጠምዛዛውን መንገድ ሞልቶ ሲወርድ ያለውን ነገር አብሮ ይስበዋል፣ ሰፊ ውሃ ስለሚቆምበት ንፁህ ይመስላል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፣ መንገዱ ግን ጠባብና ጠምዛዛ ስለሆነ ወረቀት ለሚያበዛ ቤት ይዘጋል። እኔ ብሩሽ መያዙ ይሻለኛል። አምራቹ ማፕ በሚባለው ፈተና ያስፈተነው ከሆነ ደሞ ስራችሁን ያቀልላችኋል፣ በአኩሪ አተር ሊጥ ነው ሚፈትኑት፣ ባንዴ ስንት ግራም እንዳወረደ ይፃፋል፣ ከፍተኛው 1000 ግራም ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ዋተርሴንስ ሚባለውን የቆጣቢ ምልክት ለማግኘት ቢያንስ 350 ግራም ይጠየቃል። አንዳንድ ሰው "ቆጣቢ አይሰራም" ሚለው ዝም ብሎ አይደለም፣ እዛው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ህጉ ወደ 6 ሊትር ሲያወርደው የመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ውሃውን ቀነሱ እንጂ የውስጥ ቅርፁን አላስተካከሉም ነበር።

በታመቀ አየር ሚገፋውም አለ፣ ጉልበቱ ሌላ ነው፣ ግን ይጮሃል፣ ቧንቧው ላይ ደሞ ወደ 1.7 ባር ግፊት ይፈልጋል። ውሃችሁ ከጣራ ላይ ታንከር ሚወርድ ከሆነ 1 ባር ለማግኘት 10 ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል፣ ስለዚ እሱን እርሱት።

የድሮው ታንክ ውስጥ ጡብ መክተት ሚባለውን ተዉት፣ ጡቡ ይፈረፈርና ፍርፋሪው ጎሚኒው ስር ይገባል።

ከመግዛታችሁ በፊት መውጫው ወደ ወለል ነው ወይስ ወደ ግድግዳ ሚለውን እዩ፣ ወደ ወለል ከሆነ ካለቀ ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሀል ለኩ፣ ስሜንቶው ከደረቀ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ሰራተኛው ገጥሞ ሲጨርስ ደሞ ሳይሄድ ታንኩን ክፈቱት፣ ከውስጥ የውሃ መስመር ተቀርጿል፣ ብዙ ጊዜ ከሱ በላይ ሞልቶ ነው ሚተዉት፣ እንደዛ ከሆነ በየለቀቃችሁ ቁጥር ከተፃፈው በላይ ይሄዳል፣ ተንሳፋፊውን መስመሩ ጋ እስኪቆም ዝቅ አስደርጉት።