የዘጌ ግድግዳና የአዲስ አበባ ጋለሪ

ሥዕል ለሚወድ የባሕር ዳር ነዋሪ፣ በጀልባ በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የገዳማት ስፍራ፣ ወደ ዘጌ፣ መሻገርና አዲስ አበባ ሄዶ የዘመናዊ ሥዕል ዐውደ ርእይ መጎብኘት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው። በዘጌው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ በመሆኑ ከቦታው አይነሣም፤ ጻድቁ በሙሉ ፊት፣ ኃጥኡ ግን በጎን በአንድ ዐይን ስለሚሣል፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ታሪኩን እየተከተለ መቅደሱን ይዞራል። በጋለሪ ሸራው ለጥቂት ጊዜ ተሰቅሎ፣ ከተሸጠ ወደ ገዢው ቤት ይሄዳል። ትርጉሙንም ብዙ ጊዜ ተመልካቹ ራሱ ይፈልገዋል፤ የዘመናዊውን ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎች ያየ ይህን ያውቃል። እኔ ዘጌን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም የመስመርንና የቀለምን ሥርዓት እዚያ ያጠና ዐይን፣ በጋለሪ ውስጥ ሠዓሊው ከትውፊቱ የወሰደውንና የተወውን ለይቶ ለማየት ይበቃል።