ግራንድ ሷር፦ ለብርድ ማታ ሁለት ርጭት ይበቃል

ግራንድ ሷር የሚባለውን የአምበር ሽቶ ገና እንደረጩት መፍረድ አያዋጣም። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች አልኮሉ ይወጋል፣ ጣፋጩም ይበዛል፤ ሱቅ ውስጥ በወረቀት አሽትተው «ይሄማ ከረሜላ ነው» ብለው ጥለውት የሚሄዱ ሰዎች የሚፈርዱት በዚህች ሰዓት ነው። ሽቶው ልኩን የሚያሳየው ከ40 ደቂቃ በኋላ፣ ቆዳ ላይ፣ በተለይ ከቤት ወጥተው ብርዱ ሲያገኘው ነው።

የፓሪሱ የሽቶ ቤት ሜዞን ፍራንሲስ ኩርክጃን ይህን ሽቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ከንጋቱ ሽቶ ከፔቲ ማታን ጋር ጥንድ ነው። ቀማሚው ኩርክጃን በ1995 ለፋሽን ቤቱ ዣን ፖል ጎልቲዬ «ለ ማል» የተባለውን ሽቶ የሠራው ሰው ነው። ባካራ ሩዥ 540ም የእሱ ነው፤ ያን የሚያውቅ ግን ይህኛውም እንደዚያ ከሩቅ የሚጮህ ከመሰለው ተሳስቷል።

አምበር ሲባል ብዙ ሰው ይደናገራል። ለዶቃ የሚሆነው፣ ሚሊዮኖች ዓመታት ኖሮ ድንጋይ የሆነው የዛፍ ሙጫ አምበር ይባላል፤ እሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። በዓረብ አገር አንበር የሚሉት ደግሞ ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚወጣው ውድ ነገር ነው። የሽቶ ቀማሚዎች አምበር ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ላብዳነም፣ ቤንዞይንና ቫኒላ ተዋሕደው የሚሰጡት አንድ የሞቀ ጠረን ነው። በግራንድ ሷር ላይ የብራዚል ቶንካ ፍሬ ተጨምሮበታል።

ላብዳነም የሜዲትራኒያን ቁጥቋጦ ሙጫ ነው። በበጋ ፀሐይ ቅጠሉና ቀንበጡ ይወዛል፣ እጅ ሲነካው ይጣበቃል። ሄሮዶቱስ ከፍየል ጢም ላይ እንደሚለቀም ጽፏል፤ ፍየሎቹ ቁጥቋጦውን ሲግጡ ጢማቸው ላይ ይለጠፍ ነበርና። ዛሬ ስፔን ውስጥ ቅርንጫፉን በውኃ ቀቅለው ነው የሚያወጡት። ሽታው የቆዳ፣ የማር፣ ትንሽም የሬንጅ ነው። ቤንዞይን ዓረቦች ሉባን ጃዊ የሚሉት ሙጫ ሲሆን ባሕርይው ወደ ቫኒላ ያደላል። ቶንካ ደግሞ ኩማሪን የሚባል ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አለበት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ድርቆሽ የሚሸተው እሱ ነው።

የኩርክጃን ሙያ የታየው በቀነሰው ነገር ላይ ነው። ላብዳነም ብቻውን ሻካራ ነው፤ ሌሎች አምበሮች ሬንጁንና የእንስሳ ጠረኑን ይተዉለታል ወይም ቅመም ይጨምሩበታል። ድሮ ደግሞ ዝባድ ይገባባቸው ነበር፤ ለፈረንሳይ ቀማሚዎች ዋነኛዋ የዝባድ ምንጭም ኢትዮጵያ ነበረች። ግራንድ ሷር ላይ ይህ ሁሉ ተጠርቦ ወጥቷል። የቀረው ሙጫና ቫኒላ ለስልሶ፣ ጠርዝ የሌለው ሆኖ፣ እንደ ጋቢ ይከናነቡታል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ አይለዋወጥም። በ40ኛው ደቂቃ የሸተተው በ5ኛውም ሰዓት ያው ነው። ጭስና ዕጣን የለመደ አፍንጫ «ከመጠን በላይ ታጥቧል» ቢል አይፈረድበትም፤ የእኛ ዕጣን ያለው የሎሚ ሽታና ደረቅነት እዚህ የለም።

መጠኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁለት ርጭት ይበቃል፦ አንዱ ደረት ላይ ከልብስ ስር፣ አንዱ ከአንገት ኋላ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለመውጣት 12 ሰዓት ላይ መርጨት ነው፤ እንግዶቹ ጋ ሲደርሱ አልኮሉ ሄዶ ሙጫው ብቻ ይቀራል። ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ መርጨት፣ ከዚያም ሳይነኩ መተው። የእጅ አንጓን ከአንጓ ማፋተግ ቀላሉን ክፍል ቶሎ ከማባረር በቀር ጥቅም የለውም። ቆዳቸው የሚደርቅ ሰዎች ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገው ቀብተው ቢረጩበት ይቆይላቸዋል። የኮኮናት ወይም የኮኮዋ ሽታ ያለው ሎሽን ግን ከቫኒላው ጋር ተደርቦ ኬክ ቤት ያስመስላል።

ለብርድ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሽታ የምንሰማው ከቆዳ ተንኖ ሲወጣ ነው። ብርድ ትነቱን ይቀንሰዋል፤ የሎሚና የብርቱካን ዓይነቶቹ ቀላል ሽቶዎች ያቺኑ ጥቂት አቅማቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። ሙጫና ቫኒላ ከመሠረታቸው ከባድ ናቸው፤ ከኮት ስር ባለው የገላ ሙቀት ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ለአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማታ፣ ለዋሽንግተን ክረምት ልክ ነው። በዱባይ የሐምሌ ቀትር ግን ያንኑ ሁለት ርጭት ማንም አይችለውም፤ እዚያ እስከ ታኅሣሥ ይቀመጥ። አራት ረጭቶ ሚኒባስ ውስጥ መግባት ደግሞ የትም አገር ተሳፋሪን መበደል ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ጠፋብኝ» ብለው የሚደግሙ አሉ። የጠፋው ሽቶው ሳይሆን አፍንጫቸው ለምዶት ነው። ቆዳ ላይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ሱፍ ላይ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። መድገም ካማራቸው ከውጭ የገባ ሰው ይጠይቁ። ቡና ተፈልቶ ዕጣን የሚጨስበት ቤት የሚሄድ ግን ባይደክም ይሻላል፤ ጭሱ ያሸንፈዋል።

ነጠላና ነጭ ሸሚዝ ላይ እንዳይረጭ። ፈሳሹ ራሱ ወርቃማ ነው፣ የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊንም አየርና ብርሃን ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ዛሬ የማይታየው ነጠብጣብ ከሳምንት በኋላ ቢጫ ሆኖ ጥለቱ አጠገብ ቁጭ ይላል። ጠቆር ያለ የሱፍ ሻርፕ ይችለዋል። ጠርሙሱም መስኮት ዳርና ሻወር ቤት አይወድም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሳጥኑ እንዳለ ይቀመጥ። ኩማሪን ቆዳቸውን የሚያስቆጣቸው ሰዎች መጀመሪያ ክርናቸው ውስጥ ትንሽ ረጭተው አንድ ቀን ይጠብቁ።

ዋጋው የሚያስቆጭ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን መሥራት ይበጃል። አንድ ርጭት ወደ 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። 70 ሚሊ ሊትሩ ወደ 700 ርጭት ይወጣዋል፤ በሳምንት ሦስት ማታ ሁለት ሁለት ቢረጩ ከሁለት ዓመት በላይ ይሄዳል። ለብርዱ ወራት ብቻ ለሚፈልገው 35 ሚሊ ሊትሩ ይበቃል። አስመሳዩ ስለበዛ በሳጥኑና በጠርሙሱ ላይ የታተመውን ኮድ ማመሳከር አይቅር፤ አስመሳዮቹም ኮድ ይኮርጃሉና እሱ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም። የሚያጋልጣቸው ሰዓት ነው፦ ጥሩ አድርገው ይጀምሩና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የስኳር ውኃ ሽታ ብቻ ይቀራል። ከመክፈል በፊት ክንድ ላይ አስረጭቶ ለሦስት ሰዓት ዞሮ መምጣት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ይህ ከለሰለሰባቸው የሰርዥ ሉተንስ አምብር ሱልታን አለ፤ እሱ ላይ የኦሬጋኖና የሎረል ቅጠል ስላለ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ኋላ ግን ከግራንድ ሷር ይበልጥ ታሪክ አለው። የገርላን ሻሊማር ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከብርቱካን ወገን በሆነው በበርጋሞት ይከፍትና በጭስና በቫኒላ ይዘጋል። ሁለቱም ደፋር ለባሽ ይፈልጋሉ። ግራንድ ሷር ወንድም ሴትም ቢለብሰው አያስተዛዝብም፣ እራት ላይም ከምግቡ ጋር አይጣላም፤ ክትፎ ከሆነ ግን ኮሰረቱ ይበልጠዋል።