ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ሰላም፦ በደሴ ስለ አንድ ሆስፒታል አገልግሎት

ስለዚህ ሆስፒታል ስጽፍ ስሙን የማልጠቅሰው፣ በአንድ ሌሊትና በአምስት ቀን ቆይታ ባየሁት ብቻ ተቋሙን በጅምላ መውቀስም ሆነ ማወደስ ፍትሐዊ ስለማይመስለኝ ነው። ደሴ ውስጥ የሚገኝ፣ ሌሊትም ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል መሆኑ ለአንባቢ ይበቃል። የምጽፈው ግን ስለ ወረፋው፣ ስለ ክፍያውና ስለ አልጋው ብቻ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንገቴ ታስሮ የኖረው ክርስትና የራሴ የሆነው በዚያች ሌሊት ነው፤ ሠራተኞቹም እኔን የያዙበት አያያዝ በዚህ ውስጥ ድርሻ ስለነበረው፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ መጻፍ አልችልም።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እምብርቴ ዙሪያ ቁርጠት ሲጀምረኝ እንደ ብዙዎቻችን «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» አልኩና ኦሜፕራዞል ዋጥኩ። ማታ ላይ ሕመሙ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆዴ ወረደ፤ ምግብ አስጠላኝ፣ አስመለሰኝ፣ አተኮሰኝ። ከእምብርት አካባቢ ተነሥቶ በቀኝ በኩል ወደ ታች የሚሰፍር ሕመም የትርፍ አንጀት የታወቀ ምልክት መሆኑን የሰማሁት በኋላ ከሐኪም ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ በድንገት ቀለል ሲለኝ ተመስገን ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ያ እፎይታ የመጣው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ውስጡ የነበረው ውጥረት ስለረገበ ነበር። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሆዴ እንደ ጣውላ ደረቀ፤ መነካትም ከለከለ። እናቴ ጸበል አምጥታልኝ ጠጥቻለሁ፤ ይህን የማነሣው ጸበሉ ከሕክምና አዘገየኝ ለማለት አይደለም፤ ያዘገየኝ የራሴ ግምት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበርና በጸበሉና በሐኪሙ መካከል ጠብ አይታየኝም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የጎረቤቴ ልጅ በመኪናው ወደ ደሴ ይዞኝ ወጣ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሆዱ ለተቆጣ ሰው የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ማለቂያ የለውም። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው በየኩርባው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሉኝ ነበር። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ በችኮላ በስስ ልብስ የወጣ ሰው ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ጋቢ መያዝ አይዘንጋ።

የድንገተኛ ክፍሉ አቀባበል የሚመሰገን ነው። ከስትሬቸር ሳልወርድ የደም ግፊቴንና ሙቀቴን ለኩ፣ ለምርመራ ደም ቀዱ፣ ግሉኮስ ተከሉልኝ፤ ሐኪሙም ሆዴን ከዳሰሱ በኋላ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካርድ ለማውጣት አንድ መስኮት፣ ለመክፈል ሌላ መስኮት፣ ደረሰኝ ለማሳየት ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ስለነበረ እናቴ አርባ ደቂቃ ያህል ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሮጥ ቆየች፤ ከታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ስላልነበረ የጎረቤቴ ልጅ በዚያ ውድቅት ከተማ ወርዶ ገዝቶ መጣ። አንድ አስታማሚ ብቻ ያለው፣ ወይም ጨርሶ የሌለው ታማሚ እንዴት እንደሚሆን አስቤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ይህ መስተካከል የሚገባው ትልቅ ጉድለት ነው።

የአልትራሳውንድ ውጤቱ እንደመጣ ቀዶ ሐኪሙ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ቤተሰብ ወደ ጎን ተጠርቶ ይነገረዋል፣ ታማሚው ደግሞ ፊታቸውን እያየ ይገምታል። እርሳቸው ግን እናቴን አስቀምጠው ለሁለታችን ተናገሩ፦ ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ እንዳልቀረ፣ መግሉ በሆድ ዕቃዬ ተሰራጭቶ ሊሆን እንደሚችል፣ ሳይዘገይ ካልተከፈተ ሕይወቴን እንደሚያሳጣኝ፣ ቀዶ ሕክምናውም የራሱ አደጋ እንዳለው። ከዚያም የስምምነት ቅጹን ሰጥተውኝ «ያልገባሽ ነገር ካለ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂኝ» አሉኝ። ከዚህ ሆስፒታል አገልግሎት ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የመጣልኝ ሰላም እውነቱን ካልሰማሁ ሊመጣ አይችልም ነበር።

ከፈረምኩ በኋላ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ እስኪዘጋጅ በኮሪደሩ ጥግ ተኝቼ ጠበቅሁ። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ በዓይኔ ላይ የነበረችው እርሷ ናት። ክርስትና የተነሣሁት በሰማንያ ቀኔ ነው፤ በጾም እጾማለሁ፣ በበዓል ነጠላዬን አጣፍቼ ደጀ ሰላም እሳለማለሁ፤ ግን ከልቤ ጸልዬ የማውቅበትን ቀን መቁጠር አልችልም። እናም መጀመሪያ ያደረግኩት መሳል ነበር፦ ከዳንኩ መስከረም 21 ግሸን ማርያም በእግሬ እወጣለሁ፣ ጥላ አስገባለሁ፣ ሻማ አስገባለሁ እያልኩ ስእለት ደረደርኩ። ስእለት የአባቶቻችን ወግ ነው፤ አላቃልለውም። የእኔ ግን ገቢና ወጪ የማመዛዘን ያህል ነበር፤ ፍርሃቴም ቅንጣት አልቀነሰም። የምሰጠው ነገር ሲያልቅብኝ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩና «ፈቃድህ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኩት ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ብናገረው ልጄንም ጭምር አሳልፌ መስጠቴ እንደሆነ ገባኝ፤ ከንፈሬም እምቢ አለ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ አልኩት። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም፣ ሕመሙም አልቀለለኝም። ነገር ግን ልጄ ከእኔ በፊትም የእርሱ እንደነበረች፣ እኔም ብኖር ብሞት ከእጁ እንደማልወጣ ያለ ጥርጥር አወቅሁ፤ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ጉልበቴም ጋቢው ሥር ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ፤ የመድኃኒቱ ድካም ነው እንዳልል አእምሮዬ ንቁ ነበር፤ እድናለሁ የሚል ተስፋ ነው እንዳልል ስለ መዳኔ ምንም የማውቀው አልነበረም።

ልትወስደኝ የመጣችው ነርስ ሒጃብ የለበሰች ወጣት ነበረች። ቀለበትና ጉትቻዬን ካወለቀች በኋላ ማተቤ ላይ ስትደርስ መቀሷን አላነሣችም። በቀዶ ሕክምና ጊዜ በሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ምክንያት ብረት ሰውነት ላይ መቆየት እንደሌለበት አስረድታኝ «እኅቴ፣ ከፈቀድሽልኝ መስቀሉን ብቻ ላውጣው፤ ክሩ አንገትሽ ላይ ይቆይ» አለችኝ። ቋጠሮው በዕድሜ ብዛት ደርቆ ነበርና በጥፍሯ ቀስ እያለች ፈታችው፤ መስቀሉን አውጥታ ክሩን መልሳ አሰረችልኝ። ከዚያም መስቀሉን በንጹሕ ጎዝ ጠቅልላ፣ ፕላስተር ለጥፋ፣ ፕላስተሩ ላይ ስሜን ጽፋ በእናቴ መዳፍ ውስጥ አኖረችው። ለዚህ የሚከፈል ደረሰኝ የለም፤ በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ላይም የተጻፈ አይመስለኝም። ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው ሁለት እጆቼን ግራና ቀኝ በተዘረጉት ማሳረፊያዎች ላይ ሲያስሩልኝ፣ የተዘረጋሁበትን ቅርጽ አይቼ አለቀስኩ፤ የሰመመን ባለሙያው ፈርቼ መስሏቸው አጽናኑኝ፤ ፈርቼ ግን አልነበረም።

ቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት ገደማ ወሰደ፤ ትርፍ አንጀቱ በእርግጥ ፈንድቶ ነበር። ፈሳሽ የሚያስወግድ ቱቦ ሆዴ ላይ ተደርጎልኝ፣ ሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በደም ሥር እየተሰጡኝ አምስት ቀን ተኛሁ። የነርሶቹ ክትትል ጥሩ ነው፤ ቁስሉ በሰዓቱ ይታጠባል። መጸዳጃ ቤቱ ግን ከአምስቱ ቀን ሁለቱን ውኃ አልነበረውም፤ ለአስታማሚ መቀመጫ የሚባል ነገር ስለሌለ እናቴ ሌሊቱን የምታሳልፈው መሬት ላይ ነበር።

ለአስተዳደሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። ንጋት ላይ የሱብሒ አዛን ሲሰማ አስታማሚዎች ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሰጋጃ ያነጥፋሉ፤ እናቴ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከመስኮቱ ሥር ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች፤ የቆሻሻ ጋሪ ሲመጣ ሁሉም ይነሣሉ። ለሁሉም የሚሆን አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ብትለይ ወጪዋ ብዙ አይሆንም፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ውስጥ ላለ ሰው ግን ከመድኃኒት ቀጥላ የምታስፈልግ ናት።

ስፌቱ በአሥረኛው ቀን ሲፈታ ያችን ነርስ አግኝቼ ላመሰግናት ፈልጌ ነበር፤ ተረኛ አልነበረችም። መስቀሉን እናቴ ማተቤ ላይ መልሳልኛለች፤ ስሜ የተጻፈበትን ፕላስተር ከነጎዙ ልጄ የደብተሯ ሽፋን ውስጥ አስቀምጣዋለች።