ለወገብ ህመም ምን እንልበስ? ቀበቶ፣ የሙቀት ፓድ፣ ቴንስና ኤግዞስኬሌተን ሲነጻጸሩ

ስለ ዕቃዎቹ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር። ከወገብ ህመሙ ጋር እግራችሁ እየዛለ ከሆነ፣ መቀመጫችሁና ብልታችሁ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ትኩሳት ካለ፣ ከወደቃችሁ ወይም ከዚህ በፊት ካንሰር ኖሮባችሁ ከሆነም ሳትመረመሩ ምንም አትግዙ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለተለመደው፣ ጎንበስ ቀና ሲሉ ጨምድዶ ለሚይዘው የወገብ ህመም ነው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ህመሙ በቅርቡ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ ሙቀት ሞክሩ። ሥራችሁ መሸከምና ማንሳት ከሆነ ለከባዱ ሰዓት ብቻ ላስቲክ ቀበቶ ጨምሩ። ቴንስ፣ ማለትም ቆዳ ላይ ተለጥፋ ንዝረት የምትሰጠው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ናት። ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያለውን የወገብ መደገፊያ (ኮርሴት) ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኩት። አንዳቸውም ግን ወገብ አያድኑም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ህመም ቀበቶም ቴንስም እንደ መደበኛ ሕክምና እንዲሰጡ አይመክርም። የሚመክረው የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ህመሙ በቂ ትምህርት ማግኘትን ነው። ስለዚህ የምትገዙት ዕቃ ህመሙን ጋብ አድርጎ እንድትንቀሳቀሱ ካገዛችሁ ሥራውን ሠርቷል። አስተኝቶ ካስቀራችሁ ግን ገንዘባችሁ ባከነ።

በብዛት የሚሸጠው ላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ብዙ ሰው «የወገብ ቤልት» የሚለው። ሆድን ጫን፣ ወገብን ደገፍ ያደርጋል። ጎንበስ ልትሉ ስትሉም ያዝ ስለሚያደርጋችሁ ቀስ ትላላችሁ። እናቶቻችን ከባድ ሥራ ሲጀምሩ መቀነታቸውን ጠበቅ እንደሚያደርጉት ነው። ጉዳት ይከላከላል ብላችሁ ግን አትግዙት። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ትልቅ ጥናት ከ9,000 በላይ የመደብር ሠራተኞችን ተከታትሎ ነበር። ቀበቶ የሚያዘወትሩትም የማይታጠቁትም በወገብ ህመምም ሆነ በጉዳት ካሳ ጥያቄ አልተለያዩም። ጤነኛ ወገብ ይዛችሁ «ለጥንቃቄ» የምትታጠቁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ከገዛችሁ ግን በደንብ ግዙት። የሱሪያችሁን ቁጥር ተዉትና ቀበቶው በሚያርፍበት ቦታ፣ እምብርታችሁ ላይ ዙሪያችሁን በሜትር ለኩ። ሱቁ ውስጥ ታጥቃችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ላዩ የጎን አጥንት ከገፋ፣ ታቹ ብሽሽት ከቆረጠ ከላይ እስከ ታች ለእናንተ ሰፊ ነው፤ በቁመቱ ጠበብ ያለውን ጠይቁ። ከጀርባው ያሉትን ዘንጎች በእጃችሁ ዳስሱ። የወገብን ጎድጓዳ ተከትለው መታጠፍ አለባቸው። ከዋናው ማሰሪያ በላይ በግራና በቀኝ የሚጎተቱ ሁለት ተጨማሪ ላስቲኮች ያሉት ይሻላል፤ ሳትፈቱት ማላላትና ማጥበቅ ትችላላችሁ። ቬልክሮውን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉት። ገና ሱቅ ውስጥ ጠጉር እያወጣ ከሆነ ብዙ አይቆይም። አንዳንድ ሻጭ ያንኑ ቀበቶ «ቦርጭም ያጠፋል» ይላችኋል። ቦርጭ አያጠፋም፣ ያላባል እንጂ። እንዲህ የሚላችሁ ሰው ስለ ወገብ የሚናገረውንም ተጠራጠሩ።

ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ኮርሴት ሌላ ዓለም ነው። ከአጥንት ስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም የሚያዘው ነው። ለተራ ህመም ቀኑን ሙሉ ተጠፍሮ መዋል ከእንቅስቃሴ ያርቃል፣ ምቾትም ይነሳል። «የበለጠ ጠንካራ ነውና የበለጠ ይረዳል» ብላችሁ ዋጋውን አትክፈሉ።

ሙቀት ላይ ልቆይ፤ ከሚገባው በላይ ተንቋል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ለአዲስ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ውስጥ ሙቀትን አስቀምጦታል። ልብስ ስር የሚታሰረው የአንድ ጊዜ ፓድ ውስጡ የብረት ዱቄት አለው። ከማሸጊያው ሲወጣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይሞቃል፤ 40 ዲግሪ ገደማ ይሆንና እስከ ስምንት ሰዓታት ያህል ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ታክሲ ለሚነዳ፣ ቢሮ ለሚውል፣ መጋዘን ውስጥ ለሚሠራ ይመቻል፤ ሥራ አያስፈታም። ጉዳቱ አንዴ ተጠቅመው መጣሉ ነው፤ ወጪው ይደራረባል። ዘወትር ለምትጠቀሙ በቻርጅ የሚሠራው የሙቀት ቀበቶ ያዋጣል፤ በራሱ ጊዜ የሚጠፋውን ምረጡ። አድርጋችሁት አትተኙ። ስኳር ኖሮባችሁ ቆዳችሁ የደነዘዘ ከሆነ ሙቀቱ ሲያቃጥላችሁ ላይሰማችሁ ስለሚችል ሐኪም ሳታማክሩ አትጠቀሙ።

ቴንስ ተለጣፊ ፓዶች ያሏት ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ናት። ቆዳ ላይ ንዝረት ትፈጥራለች። ንዝረቱ ሲሰማችሁ ህመሙ ወደ ኋላ ይላል፤ ስታጠፏት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አንዳንዱ ሰው ይምልባታል፣ ሌላው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሳትሞክሯት አትግዙ። መሣሪያዋ ርካሽ ብትሆንም ፓዶቹ ይደርቃሉ፣ ማጣበቅ ያቆማሉ። መለዋወጫው ባላችሁበት ከተማ መገኘቱን አስቀድማችሁ አጣሩ። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው አይጠቀማት። ነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ያለበትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካት።

ትከሻን ወደ ኋላ የሚስበው ማሰሪያ ለወገብ የተሠራ ስላልሆነ እዚህ አልገባም።

የቀረው ኤግዞስኬሌተን ነው፤ ከልብስ በላይ ታጥቀውት ጎንበስ ቀና ሲሉ ወገብን የሚያግዝ መሣሪያ። ሔሮዌር አፔክስ የሚባለው በአሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከተሠራ ምርምር የተነሣ ሲሆን ሞተር የለውም። ከትከሻ ወደ ጭን የሚወርዱ ጠንካራ ላስቲኮች ስታጎነብሱ ይወጠራሉ፣ ስትነሡ ያግዛሉ። ጃፓን ውስጥ የሚሠራው መስል ሱት ደግሞ በታመቀ አየር ይሠራል፤ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያነሣ ወይም በሽተኛ ለሚያገላብጥ ሰው ከጀርባ ጡንቻ ላይ ጫና ይቀንሳሉ። ለመቀመጥ፣ ለመንዳትና ለጠባብ ቦታ ግን አይመቹም። የታሰቡትም በዋናነት ለሠራተኛ እንጂ ለሕክምና አይደለም። ዋጋቸው ሺህ ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆነ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ መግዛት የለባችሁም። አረጋውያን መንከባከቢያ ወይም መጋዘን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ አለቃችሁን ጠይቁ። ከተፈቀደ ደግሞ ሙሉ ፈረቃ ለብሳችሁ እንድትሞክሩ ለምኑ፤ የጭኑ ማሰሪያ ይቆርጥ እንደሆነ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው።